ጣና ላይ ካያክ ለመጀመር ከየት ልነሣ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለሥራ ከተዛወርሁ ወዲህ ዓይኔ ከጣና ላይ አልነሣ ብሏል። ወደ አገሩ የተመለሰ የሥራ ባልደረባዬ 3 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከላዩ የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ካያክ (ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) ከነመቅዘፊያው ትቶልኛል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ግን የለኝም። ዋና የለመድሁት በጨሞጋ ወንዝ ነውና ሐይቅ ላይ ምን ያህል እንደሚያዋጣኝ እንጃ። ሐሳቤ በመጀመሪያው እሑድ ደብረ ማርያም ደሴት ደርሶ መመለስ ነው፤ ቅርብ ትመስላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ደብረ ማርያምን ለጊዜው እርሳት። ቅርብ መሆኗስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው እዚያው አጠገቧ ነው፣ ጉማሬውም የሚውለው በዚያ ደንገል ዙሪያ ነው። ጉማሬ ጠልቆ አምስት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል፤ «አይቻለሁ፣ ምንም የለም» ማለት አይሠራም።

ጃኬቱን ሳትገዛ ካያኩን ውሃ አታስነካው። ደረትህ ላይ በማሰሪያ የሚጠብቀውን ዓይነት ፈልግ። ለብሰኸው ሌላ ሰው ከትከሻህ ወደ ላይ ሲጎትተው አገጭህን ካለፈ ሰፍቶሃል።

አሁን ወደ ነፋሱ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ከሰዓቱ ማዕበል ነው። ቀን የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፤ ጣና ደግሞ ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ይደበድባል። ቢያንስ ግን የሚገፋህ ወደ ዳር ነው። እኔ ለጀማሪ ይበልጥ የምፈራው የማለዳውን ነው። ሌሊት የብሱ ስለሚቀዘቅዝ አየሩ ከምድር ወደ ውሃው ይፈስሳል። ዳር ቆመህ ስታየው ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ዛፎቹ ከልለውት ነው። ጥቂት ስትርቅ ነፋሱ ጀርባህን ይዞ ወደ መሐል ይነዳሃል፣ አንተም ጎበዝ ቀዛፊ የሆንህ ይመስልሃል። ድካሙ የሚገባህ ስትመለስ ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን ሂድ፤ በየመሐሉ መቅዘፍህን አቁምና ካያኩ ወዴት እንደሚንሸራተት ተመልከት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ይበቃሃል። ክረምቱን ተወው፤ ከነጎድጓድ ጋር አይቀለድም።

የመጀመሪያውን ቀን ለመገልበጥ ብቻ ስጠው። አዎ፣ ሆን ብለህ። ስትወድቅ ካያኩን አትልቀቅ፤ ነፋስ ከያዘው በዋና አትደርስበትም። መልሰህ አቃናው፣ በጎኑ መሐሉ ላይ ያዘው፣ እግርህን ከኋላህ እያራገብህ በሆድህ ተሻግረህ ተኛበት። ከዚያ ዞረህ መቀመጫህን አሳርፍ፤ እግርህ በመጨረሻ ይግባ። ይህን ያለ ረዳት ሳትችል ወደ ፊት መቅዘፍ ብትማር ምን ይረባሃል?

አቀዛዘፉስ ቀላል ነው። መቅዘፊያውን ከእግር ጣትህ አጠገብ አስገብተህ ዳሌህ ጋ ሲደርስ አውጣው፤ ጉልበቱ ከወገብህ መዞር ይምጣ፣ ክንድ ብቻውን ቶሎ ይዝላል።

የዘጌ ሰው፦
እኔ ያደግሁት ታንኳ ላይ ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ቀርቶታል፦ ሰው ጠይቅ። እንጨት ጭነው ማለዳ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉት ሰዎች ጉማሬው ዛሬ የት እንደዋለ ይነግሩሃል፤ ቦታ ይቀያይራልና የትናንቱ ወሬ አይበቃም። የዓሣ አጥማጅ መረብ ካየህ ዞረህ እለፍ፤ መረቡን ብትቀድ የሰው እንጀራ ነው የቀደድኸው። ቱሪስት የሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች ደግሞ ካያክ ዝቅ ያለ ስለሆነ ላያዩህ ይችላሉ። ደማቅ ነገር ልበስ፤ ማዕበላቸው ሲደርስብህ ጎንህን አትስጠው፣ የካያኩን አፍንጫ አዙርለት።

የጤና ባለሙያ፦
ስለ መገልበጡ ልምምድ አንድ ማሳሰቢያ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ (ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚበዛው ሣርና አረም ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ልምምዱን እዚያ አታድርገው። ከመሰላል ወይም ከጀልባ ማቆሚያ ተነሥተህ ጠለቅ ያለ ጥሩ ውሃ ላይ ይሁን፤ ጓደኛህም አጠገብህ ይኑር። ተውሳኩ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ በፎጣ መጥረግ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተመርመር፤ ከተገኘብህ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በየጤና ተቋሙ ይታወቃል።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጃኬት እየፈለግሁ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሲለምድልኝ በዓባይ ቁልቁል እስከ ጢስ ዓባይ መውረድ ይቻላል?

ጣና ዳር፦
በዚህ ካያክ? አይቻልም። ገና ስትነሣ ጫራ ጫራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያው ይገጥምሃል፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ደግሞ 40 ሜትር ገደማ የሚሆን ፏፏቴ አለ። ከዚያ በታች ያለው ሸለቆ የአዞ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ተደራጅተው፣ ወታደር ሆነው የወረዱት እንግሊዞች እንኳ አንድ ሰው ውሃ ወስዶባቸዋል። ጢስ ዓባይን ማየት ከፈለግህ አውቶቡስ አለልህ። ጃኬቱን ስታገኝ ጻፍልኝ፤ እሑድ ጠዋት ዳር ላይ ቆሜ ስትገለበጥ አይሃለሁ።