የሲስኮ ስዊች በኮንሶል ስከፍተው የማይነበብ ጽሑፍ ያሳየኛል፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ትምህርት ቤት ከመጋዘን የወጣ ባለ 24 ፖርት ሲስኮ ካታሊስት 2960 ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) ተሰጥቶኝ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን በእርሱ እንዳገናኝ ታዝዣለሁ። እስካሁን የማውቀው በብራውዘር የሚስተካከሉ ራውተሮችን ብቻ ነው። ስዊቹን በቀጥታ ለማዘዝ የሚያገለግለውን ጠፍጣፋ ሰማያዊ የኮንሶል ኬብል በዩኤስቢ መቀየሪያ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ፑቲ (PuTTY) የተባለ ፕሮግራም በ115200 ፍጥነት ብከፍተው፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የተዘበራረቁ ምልክቶች ብቻ ይታያሉ። ስዊቹ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1፦
የተበላሸ አይመስለኝም። ምልክቶቹ መታየታቸው ራሱ ኬብሉ እንደሚሠራ፣ ነገር ግን ላፕቶፑና ስዊቹ በአንድ ፍጥነት እየተነጋገሩ እንዳልሆነ ያሳያል። ፍጥነቱን ወደ 9600 ይመልሱት፤ ዳታ ቢት 8፣ ስቶፕ ቢት 1 ይሁን፤ ፓሪቲም ፍሎው ኮንትሮልም አይኑር። ከዚያ ኢንተርን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫኑ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጽሑፉ ተስተካክሏል። አሁን ደግሞ ስዊቹ በጥያቄና መልስ እየመራኝ እንዳዋቅረው እፈልግ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ልስማማ?

መልስ 2፦
«ኖ» ብለው ይለፉት፤ በእጅ መጻፉ ይበልጥ ያስተምራል። ጀማሪን በብዛት የሚያደናግረው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ አለማወቁ ስለሆነ፣ ትእዛዝ ከመጻፍዎ በፊት ከስዊቹ ስም ቀጥሎ ያለውን ምልክት ይመልከቱ። ምልክቱ «>» ከሆነ ከመመልከት ያለፈ ብዙ አይፈቀድልዎትም፤ «ኢኔብል» ብለው ሲገቡ ወደ መሰላል ምልክት (#) ይለወጣል፤ «ኮንፊገር ተርሚናል» ሲሉ ደግሞ ከስሙ ጎን በቅንፍ «ኮንፊግ» የሚል ይጨመርበታል፣ ማስተካከያውም የሚጻፈው እዚያ ነው። ትእዛዙ ከጠፋዎት የጥያቄ ምልክት ብቻ ይጻፉ፣ በዚያ ደረጃ የሚቻለውን ሁሉ ይዘረዝርልዎታል። እኔ ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ የተማርኩት ከዚህች ምልክት ነው።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ«#» ደረጃ ላይ አንድ ቃል በስህተት ከጻፉ ስዊቹ ቃሉን የኮምፒውተር ስም አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ አድራሻውን ሲፈልግ ለጥቂት ጊዜ ደርቆ ይቆያል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6ን አንድ ላይ ቢጫኑ ያቋርጠዋል፤ በኮንፊግ ደረጃ «ኖ አይፒ ዶሜይን ሉክአፕ» ብለው ቢጽፉ ደግሞ ከነጭራሹ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን የጻፉት ሁሉ ለጊዜው ያለው በራም ላይ ስለሆነ፣ «ኮፒ ረኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ» ብለው ሳያስቀምጡ መብራት ቢጠፋ ድካምዎ አብሮ ይጠፋል። እኔ የግማሽ ቀን ሥራ ያጣሁት እንዲሁ ነው።

ጠያቂ፦
ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቼ ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ሆን ብዬ ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ሁሉም እንደነበረ አገኘሁት። «ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ» ስል ግን ኬብል ከሰካሁባቸው ፖርቶች 7ኛው ብቻ እንዳልተገናኘ ያሳያል። ኬብሉን ወደ 8ኛው ባዛውረውም ያው ስለሆነ፣ ጫፉን ቆርጬ እንደገና ልገጥመው ነው።