ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ቡአ፦ አሁን ይሠራለት ወይስ ይቆይ?

የመሐል ሜዳዋ አክስት፦
ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ በ30 ሳምንቱ፣ 1,300 ግራም ሆኖ ነው የተወለደው። አሁን 6 ሳምንት ሞልቶት 1,900 ግራም ደርሷል፤ ደብረ ብርሃን ጨቅላ ክፍል ነው ያለው፣ ኦክስጅን ከተነሳለት 10 ቀን ሆነው። ሲያለቅስ ቀኝ ብሽሽቱ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እብጠት ይወጣል፣ ሲረጋጋ ይገባል። ቡአ ነው፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ። አንዱ ሐኪም ከሆስፒታል ሳይወጣ ይሠራለት ይላል፣ ሌላው ይቆይ ይላል። አማቷ ደግሞ ወጌሻ ይየው እያሉ ነው። የቱን እንስማ? ስንት ሰዓትስ ሳይጠባ ይቆያል?

ባሶና፦
እህቴ፣ ወጌሻ አይንካው። የወጣው አንጀት ነው። የወንድ ልጅ ፍሬ ሆድ ውስጥ ተፈጥሮ ወደ ቋቱ የሚወርደው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው፤ የወረደበት መንገድ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የመጣ ልጅ መንገዱ እንደተከፈተ ይወለዳል፣ ሲያለቅስና ሲያምጥ አንጀቱ በዚያ ይሾልካል። በመቀነት ቢታሰር፣ ሳንቲም ቢለጠፍበት አይዘጋም። መታሸቱ ደግሞ አንጀቱን ሊጎዳው ይችላል።

ሐኪሞቹ የተለያዩት የሚፈሩት ነገር ስለተለያየ ነው። «አሁን» ያለው አንጀቱ እንዳይታነቅ ፈርቷል፣ «ይቆይ» ያለው ሰመመኑን ፈርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ያሉ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር፦ ሳይወጡ እንዲሠራላቸው ከተመደቡት 28 በመቶው፣ ከእርግዝናው ጀምሮ ተቆጥሮ 55 ሳምንት እስኪያልፋቸው እንዲቆዩ ከተመደቡት ደግሞ 18 በመቶው ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል። ይህን ላየ መቆየቱ ይሻላል። ግን የእናንተ ልጅ ዛሬ 36 ሳምንቱ ነው፣ 55 እስኪሞላ ከአራት ወር በላይ አለ። በዚያ መሀል ሌሊት ቢታነቅ ከመሐል ሜዳ መኪና ተፈልጎ፣ ያን መንገድ ተጉዞ ነው ሐኪም የሚያየው። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት የምትቆዩ ከሆነ መጠበቅ ያስኬዳል። ወደ መንዝ የምትመለሱ ከሆነ ግን እኔ ሳይወጣ ይሠራለት ባይ ነኝ። የቤታችሁን ርቀት ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

እስከዚያው ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ብሽሽቱን እዩ። እብጠቱ ከጠነከረ፣ ልጁ ተረጋግቶም ካልገባ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰው ቀጠሮ አይጠበቅም። ምንም ሳታጠቡት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ አንጀቱም ፍሬውም ደም የሚያጡት በሰዓታት ውስጥ ነው። ራሳችሁ ለመመለስ አትጫኑት።

ጣርማበር (ሰመመን)፦
ባሶና ያለው ትክክል ነው። ስለ ሰመመኑ ልጨምር።

ዋናው ስጋት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ገና አልበሰለም፣ የሰመመን ርዝራዥ ሲጨመርበት እስትንፋሱን ይረሳል። 20 ሰከንድ ካልተነፈሰ፣ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜም ቢሆን ከጠቆረ ወይም ልቡ ከዘገየ፣ አደጋ ነው። ስጋቱ ከእርግዝናው ጀምሮ ተቆጥሮ እስከ 60 ሳምንት አካባቢ ይዘልቃል፤ ለእናንተ ልጅ ገና 24 ሳምንት ይቀረዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ቀላል ነው፣ ማታውኑ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ» ቢባል እሺ አትበሉ። ትንፋሹ ሳይቋረጥ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም 24 ሰዓት በመቆጣጠሪያ ሥር ይደር። ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ከተሠራ ስጋቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ከመግባቱ በፊት ሄሞግሎቢኑ (የደሙ መጠን) ይታይ። ከ10 በታች ከሆነ የትንፋሽ መቋረጡ ዕድል ይጨምራል፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ደማቸው በጣም የሚያንሰው ልክ በዚህ ዕድሜ፣ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ትንፋሽን የሚያነቃቃው መድኃኒት፣ ካፌይን፣ ይሰጠው እንደሆነም ጠይቁ።

ጦሙን በተመለከተ፦ የእናት ጡት ከ4 ሰዓት በፊት፣ የቆርቆሮ ወተት ከ6 ሰዓት በፊት ይቆማል። ጠዋት 3 ሰዓት የሚገባ ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ያጥቡትና ያበቃል። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም» የሚባለው የአዋቂ ሕግ ነው፣ በ1,900 ግራም ልጅ ላይ ከተተገበረ ስኳሩ ይወርዳል። ተራው ከዘገየ ግሉኮስ በካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባው ቀጭን ቱቦ) ይጀመርለት። የተነገራችሁ ሰዓት በእኛ ነው በፈረንጅ ብላችሁም አረጋግጡ። በዚህ የተሳሳተ ብዙ ነው።

ሌሊት እግሩ ላይ የሚታሰረው የኦክስጅን መለኪያ ቢጮህ መጀመሪያ ልጁን እንጂ ማሽኑን አትዩ፤ እግሩ ከበረደ ማሽኑ ይሳሳታል። ከንፈሩንና ምላሱን ተመልከቱ። ከጠቆረ ወይም ካልተነፈሰ የውስጥ እግሩን ፈተግ ፈተግ እያደረጋችሁ ነርስ ጥሩ።

የመሐል ሜዳዋ አክስት፦
እግዜር ይስጥልን። ክርስትናው በ40 ቀኑ ሳይሆን አለፈ፣ አማቷ አሁን በቶሎ ይሁን እያሉ ነው። ከዚያ ሌላ ደግሞ ብርዱ አስግቶናል። እህቴም በጦሙ ሰዓት ወተቷ እንዳይነጥፍ ፈርታለች።

ሞላሌ፦
ወተቱ የሚነጥፈው ጡቱ ሞልቶ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ልጁ በማይጠባበት ሰዓት በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን 8 ጊዜ፣ በእጇ ትለበው። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል፣ በፍሪጅ ደግሞ 4 ቀን። ሰዓቱ ይጻፍበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጥባት ካቃተው በሲኒ ይሰጠዋል። በሙሉ መጠን ሲመለስ በቀን በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ በየ3 ሰዓቱ 38 ገደማ ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ቀን ግን ሐኪሙ ካዘዘው አትለፉ፤ ካስመለሰው ቆም አድርጋችሁ ተናገሩ።

ብርዱን በከሰል አታሸንፉትም፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ይገድላል። ልጁ በዳይፐር፣ በኮፍያና በካልሲ ብቻ ሆኖ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይታቀፍ፣ ጋቢው ከላይ ይደረብ። የሙቀት መጠኑ ከ36.5 እስከ 37.5 ይሁን። አዲስ አበባ ሪፈር ከተባላችሁም 130 ኪሎ ሜትሩን እንደዚሁ ታቅፋው ትሂድ፤ ብርድ ራሱ ትንፋሽ ያቋርጣል። ቁስሉ እስኪደርቅ ገንዳ ውስጥ አይነከር፣ ቅቤም ቅጠልም አይነካው፣ የዳይፐሩ ጫፍ ከቁስሉ በታች ይታጠፍ። ቋቱ ለጥቂት ቀን ቢያብጥ አትደንግጡ፤ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ግን ወደ ሐኪም ይመለስ። ፓራሲታሞሉ በታዘዘው ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ይለካ። ጠብታውና ሽሮፑ ጥንካሬያቸው ስለሚለያይ የአንዱን መጠን ለሌላው አትስጡ።

ስለ ክርስትናው የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ የታመመ ልጅ ጉዳይ ለእሳቸው አዲስ አይደለም።

ባሶና፦
ሁለት የቀሩ ነገሮች። የጤና መድን ካላችሁ የዘንድሮው መታደሱን እዩ፣ የሪፈር ወረቀቱንም ማኅተም አስደርጉበት፤ በሪፈር ሰንሰለቱ ካልሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ሌላው ዓይኑ ነው። ከ1,500 ግራም በታች የተወለደ ልጅ በ4 ሳምንቱ ገደማ ዓይኑ ውስጡ መታየት ነበረበት። ካልታየ ሪፈሩ ላይ አብሮ ይጻፍላችሁ።