ከተማዬ ሁለመናዋ ቡናማ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ባለ8ጊጋ (ጠያቂ)
ሰላም ወገን። ማታ ማታ ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ትንሽ አርፒጂ (ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወተው) ጌም እየሠራሁ ነው። ታሪኩ ከትልቅ ጦርነት 60 ዓመት በኋላ፣ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ነው። የወደቀ ፎቅ፣ የተቃጠለ ሚኒባስ፣ ዝገት፣ አቧራ፣ ምን የሌለ አለ! ለሦስት ጓደኞቼ አስጫወትኳቸው። አንዱ «የደሃ ፎልአውት» አለኝ፤ ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ ያለ ዓለምን የሚያሳየውን ታዋቂ ጌም ማለቱ ነው። ሌሎቹ መንገድ ጠፋባቸው፤ አንዷማ አንድ ግቢ ውስጥ ስትዞር 10 ደቂቃ ፈጀች። የላፕቶፔ ራም 8 ጊጋ ስለሆነ ከባድ ግራፊክስ አትምከሩኝ። ምን ጎደለኝ?

አሮጌ ጌመር
ፎልአውትን ፎልአውት ያደረገው ዝገቱ መሰለህ? ከቦምቡ በፊት የነበረው ዓለም ነው። በጌሙ ታሪክ ቦምቡ የወደቀው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2077 ነው። መኪናው፣ ማስታወቂያው፣ ፍሪጁ ግን የ1950ዎቹ አሜሪካ ነው። ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ጽሑፍ የሚያበራ ግዙፍ ሳጥን፣ መኪናው በኒውክሌር የሚሄድ። የ50ዎቹ ሰው «መጪው ዘመን እንዲህ ይሆናል» ብሎ ያለመው ነው የፈረሰው። ፍርስራሹን ስታይ ማን ይኖርበት እንደነበር የምታውቀው ለዚህ ነው።
ያንተዋ ከተማ ከመፍረሷ በፊት ምን ትመስል ነበር? ሱቁ በር ላይ ምን ተጽፎ ነበር? መጀመሪያ አንድ ሰፈር ደህናውን ሥራ፤ ከዚያ አፍርሰው።

ሰዓሊዋ
ስለ ከለሩ እኔ ልበል። ፎልአውት 3 (2008) ዋሽንግተንን አረንጓዴ ቀመስ ግራጫ አልብሷታል። ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ (2010) የሞሃቪን በረሃ ብርቱካናማ አደረገው። ፎልአውት 4 (2015) ቦስተን ላይ ሰማያዊ ሰማይ አመጣ። የፎልአውት 3ንና የኒው ቬጋስን ቅብ የሚያነሳ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) የሠሩ ተጫዋቾች አሉ፤ እኔም አንዱን ጭኜ ነው የጨረስኩት።
አሁን ወዳንተ። ደጋ ነው ብለሃል። 60 ክረምት የዘነበባት ከተማ እንዴት አቧራ ብቻ ትሆናለች? ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ በ1986 ሰው የለቀቃት ፕሪፕያት ዛሬ ፎቆቿ በዛፍ ተውጠዋል። እኛ ጋ ደግሞ ባህር ዛፍ አለ! ቢቆርጡት የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው፤ 60 ዓመት ሃይ ባይ ካጣ አደባባዩን ሳይቀር ይወርሰዋል። ቡናማውን ለበጋው ትዕይንት አቆየው።
አንድ ነገር ዛሬውኑ ሞክር። ስክሪንሾት አንሣና ጥቁርና ነጭ አድርገው። በሩ፣ መንገዱና ሰዉ ካልተለዩ ጉዳዩ የከለር አይደለም፤ የብርሃንና የጥላ ነው።

ወያላው
ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ አጽም ይሁን። እጁ በመስኮት ወጥቶ «አንድ ሰው!» እንዳለ ይቅር። 😂

አሮጌ ጌመር
ቀልድ አይደለም እኮ! ፎልአውት ውስጥ አልጋ ላይ ተቃቅፈው የቀሩ አጽሞች ታገኛለህ። አንድም ቃል ሳይነገርህ ታሪካቸው ይገባሃል። ረዳቱን አስገባው።

የምናለሽ ተራ ልጅ
የተረፉት ሰዎችስ የት ሄዱ? ሁሉም የፈረሰውን ነው የምታወሩት። ፎልአውት 3 ውስጥ ሜጋተን የምትባለው መንደር ያልፈነዳ ቦምብ ዙሪያ ነው የተሠራችው፤ አጥሯ የአውሮፕላን ስብርባሪ ነው። ኒው ቬጋስ ውስጥ ደግሞ ኖቫክ አለች። የሞቴሉ ሰሌዳ «ኖ ቬካንሲ» ይል ነበር፤ ፊደሎቹ ጠፍተው የቀረው የመንደሯ ስም ሆነ። እንዴት ደስ ይላል!
አንተ ምናለሽ ተራ ሂድና ግማሽ ቀን ቁም። በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ በርባሶ ይሆናል። ፎቶ ከማንሣትህ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅድ፤ እኔ ሳላስፈቅድ አንሥቼ ተሰድቤያለሁ። የሚኒባስህ በር የአንድ ሰው ቤት በር ቢሆን፣ ታፔላው እንደተለጠፈ፣ ያን ጊዜ ማንም ፎልአውት አይልህም።

ካርታ አንባቢ
መንገድ ለጠፋባቸው፦ ከሩቅ የሚታይ አንድ ረጅም ነገር አቁም። ኒው ቬጋስ ውስጥ ላኪ 38 የሚባለው ማማ ከሩቅ በረሃ ይታያል። ሌሊት ሲያበራማ ካርታ ማን ይፈልጋል? ላንተ የውኃ ጋን ወይም የስልክ ማማ ይበቃል።
ባህር ዛፉ ላይ ግን ከሰዓሊዋ አልስማማም። በ8 ጊጋ ጫካ? ላፕቶፑ ይነድዳል።

ሰዓሊዋ
ደጋ አይደለም እንዴ? ጉም አለልህ! ከ40 ሜትር ወዲያ ያለውን በጉም ጋርደው። ከጉሙ ጀርባ ያለውን ዛፍ ጌሙ እንዳይሥለው አድርግ፤ ካሜራው የሚያይበትን ርቀት ማሳጠር ነው። ቅርብ ያሉት ሁለት ሦስት ዛፎች ብቻ በደንብ ይሠሩ። ማማውን ከጉሙ በላይ አውጣው።

ባለ8ጊጋ (ጠያቂ)
ጥቁርና ነጩን ሞከርኩት። ግቢው መውጫ አለው፤ እኔ ራሴ የሠራሁት በር ነው፤ ግን በስክሪንሾቱ ላይ ፈልጌ አጣሁት! ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ልጅቷን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። በሩን አሁን በሚኒባሱ ሰማያዊ በር ተካሁት፤ ከላዩም አምፖል ሰቀልኩ። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ነኝ። አስፈቅጄ ነው የማነሣው።