ውጭ ሆኜ የማከራየው ቤት መብራት ሲጠፋ እንዴት ልወቅ?

ባለቤቷ ከሩቅ፦

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ሰሚት አካባቢ ሙሉ ዕቃ ያለው ቤት አለኝ፣ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች በሳምንትም በወርም አከራየዋለሁ። ባለፈው አንዱ እንግዳ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ባዶ በነበረበት ጊዜ መብራት ጠፍቶ ስንት ቀን እንደቆየ እግዜር ይወቀው፣ እህቴ ልታጸዳ ስትገባ ፍሪዘር ውስጥ የነበረው ሥጋ ቀልጦ ወለሉ ላይ ወርዶ፣ ሽታውን ተዉት፣ እስካሁን አልለቀቀም ትላለች። የሚያናድደው ደግሞ በየሁለት ቀኑ ለጥበቃው እደውላለሁ «መብራት አለ?» ስለው «አለ እትዬ» ይለኛል። አልዋሸም እኮ፣ የሱ ክፍል አምፖል በርቷል! ዋናው ቤት ግን ጨለማ።

እና ስማርት ሶኬት የሚባለውን ከዚህ ገዝቼ በሰው ልላክ? ሲጠፋ ስልኬ ላይ ይነግረኛል? ቤቱ ዋይፋይ አለው። ካሜራ እንዳትሉኝ፣ ሰው የሚተኛበት ቤት ካሜራ አላስገባም። በየወሩ የሚከፈልበት ባይሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ኮዱን ተወው፦

ከዛ የምትገዢውን ሶኬት መጀመሪያ ተይው። እዛ የሚሸጠው አብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ እኛ ጋ 220 ነው፣ እንደሰካሽው ጭሱን ነው የምታዪው። ጀርባው ላይ 100-240 የሚል ካልተጻፈበት በሻንጣ አታስገቢ።

ሁለተኛ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱም ራውተሩም አብረው ይሞታሉ፣ የሞተ ነገር ደግሞ ሞቻለሁ ብሎ አይደውልም። አፑን ከፍተሽ ካየሽ ኦፍላይን ይልሻል፣ እሱም ኢንተርኔት ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፣ በምን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ያለሽ መንገድ ወይ የራሱ ባትሪና ሲም ያለው ነገር ማስቀመጥ ነው፣ ወይ ደግሞ ዝምታውን ከውጭ ሆኖ የሚጠብቅ ነገር ማድረግ። እኔ የሠራሁት ሁለተኛውን ነው፣ ኢኤስፒ32 የምትባል ትንሽ ቦርድ በየ5 ደቂቃው ኸልዝቼክስ ለሚባለው ሰርቪስ «አለሁ» ትላለች፣ ሰዓቷ አልፎ ዝም ካለች ቴሌግራም ላይ ይጽፍልኛል፣ ለቤት የሚበቃው ነጻ ነው። ግን ሁለት ቦርድ ያስፈልግሻል፣ አንዷ ከራውተሩ ጋር ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) ላይ፣ አንዷ ግድግዳው ላይ። የግድግዳዋ ብቻ ዝም ካለች መብራት ነው፣ ሁለቱም ዝም ካሉ ኢንተርኔቱ ነው ወይ ዩፒኤሱም አልቋል። ከውጭ ሆነሽ ራውተሩን ፒንግ ማድረግ (በኢንተርኔት «አለህ?» ብሎ መጠየቅ) ምናምን የሚሉሽን አትስሚ፣ አይፒው ማለትም የኢንተርኔት አድራሻው ይቀያየራል።

ባለቤቷ ከሩቅ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ ግን ቦርድ ምናምን ስትል ጠፋብኝ 😂 እህቴም ራውተር ማጥፋትና ማብራት ነው የምትችለው።

በረዶ ለመደብኝ፦

እኔ ያለሁት ሚኒሶታ ነው፣ ሴንት ፖል ላይ የማከራየው ዱፕሌክስ አለኝ፣ የኛ ጭንቀት ሥጋ አይደለም ቧንቧ ነው። እዚህ ማሞቂያው በጋዝ ቢሠራም ሙቀቱን የሚገፋው ማራገቢያ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ጥር ላይ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ባዶ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋና ይፈነዳል፣ ከዛ ውሃው ሲለቀቅ ቤዝመንቱ ሐይቅ ነው። አንዴ ደርሶብኛል፣ ሂሳቡን አላወራላችሁም።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ሲም አስገብተሽ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ትተይዋለሽ፣ ማክሮድሮይድ የሚባል አፕ ላይ «ቻርጅ ሲቋረጥ ለዚህ ቁጥር ቴክስት ላክ፣ ሲመለስም ላክ» ብለሽ ታዥዋለሽ፣ አለቀ። ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው፣ ዋይፋይም አያስፈልገውም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በይ፣ ቻርጅ ተቋርጦ ሁለት ደቂቃ ካልሞላ እንዳይልክ አድርጊው፣ አለበለዚያ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር በቴክስት ያሰክርሻል። ሌላው ዓመት ሙሉ የተሰካ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል፣ በየጊዜው ሰው ይየው፣ መጋረጃ ሥርም አታድርጉት። ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ አፑን እንዳይዘጋውም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፍቀዱለት።

ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው አትደንግጪ። ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24። ቴክስቱ በሰዓቱ ከደረሰሽ ሰው ልከሽ ሥጋውን ለማዳን ይበቃሻል።

ፌዝና ኒውትራል፦

የሚኒሶታው ሐሳብ ጥሩ ነው፣ እኔ አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው፣ ትንሽ ልጨምር። ሲም የሚገባበት የመብራት አላርም ተሠርቶ ይሸጣል፣ የራሱ ባትሪ አለው፣ ሲጠፋም ሲመጣም ሜሴጅ ይልካል፣ ከስልክ ይሻላል ግን ካርድ ካልተሞላለት ሲሙ ይዘጋል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሜሴጁ ለአንቺ ብቻ አይሁን፣ እዚህ ላለ ሰውም ይላክ፣ አንቺ እኮ ከቨርጂኒያ ብሬከር አታነሺም።

ዋናው ግን እህቴ የት ነው የምትሰኪው? የጥበቃው አምፖል በርቶ ፍሪዘሩ ጠፍቷል ካልሽ ያንቺ ችግር ከመንገድ የመጣ አይመስለኝም። ሰፈሩ ሙሉ ሲጠፋ የሱም ይጠፋ ነበር። የቆጣሪው ካርድ አልቆም ቢሆን የግቢው ሁሉ ነው የሚጠፋው። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ (መብራት በሦስት መስመር የሚገባበት) ከሆነ አንዱ ፌዝ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ ባለ አንድ ከሆነ ግን የፍሪጁ መስመር ብሬከር ወድቋል ማለት ነው። ስለዚህ ስልኩን ሳሎን እንዳትሰኪው፣ ፍሪዘሩ የተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ይሁን። ሲጠፋና ሲመጣ ሰዓቱን ጻፊ፣ ሰዓቱ ብዙ ይናገራል።

ተከራይ ነኝ፦

እኔ ከተከራይ ወገን ልናገር፣ ማድ ቤት ውስጥ ሲም ያለው ስልክ ተሰክቶ ያየ እንግዳ ምን ያስባል? ካሜራውን በወረቀት ሸፍኑትና አጠገቡ «የመብራት መጠበቂያ ነው» ብላችሁ ለጥፉ። ሲገቡም ይነገራቸው።

ባለቤቷ ከሩቅ፦

እውነትሽን ነው፣ ይሄ አልመጣልኝም ነበር።

ባለቤቷ ከሩቅ፦

ሦስት ሳምንት ሆነው፣ የሆነውን ልንገራችሁ። የእህቴ ባል የድሮ ስልኩን ሰጠ፣ ማድ ቤት ፍሪዘሩ ማከፋፈያ ላይ ሰካው፣ ካሜራውን ሸፍኖ ወረቀትም ለጠፈ። አሁን ቤቱ ውስጥ እንግዳ አለ፣ ቤተሰብ ናቸው። የመጣው ሜሴጅ ይኸውና፣ በሀበሻ ሰዓት ነው የጻፍኩት።

ረቡዕ ጠዋት 2፡40 ጠፋ፣ 2፡52 መጣ
ቅዳሜ ጠዋት 2፡25 ጠፋ፣ 2፡31 መጣ
ረቡዕ 2፡45 ጠፋ፣ 3፡10 መጣ
ሐሙስ ማታ 1፡15 ጠፋ፣ 4፡20 መጣ (ይሄኛው ሰፈሩ በሙሉ ነው፣ እህቴ ቤትም ጠፍቶ ነበር)
ቅዳሜ 2፡30 ጠፋ፣ 2፡38 መጣ
ረቡዕ 2፡35 ጠፋ፣ 2፡44 መጣ

ለኔ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚደርሰኝ፣ ባሌ ስልኩን መስኮት ሊያስወጣው ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ምን አለ? ፈረቃ ነው?

ፌዝና ኒውትራል፦

ፈረቃ ቢሆን በ6 ደቂቃ አይመጣም ነበር 😀 እህቴ ይሄ ምጣድ ነው። ግቢው ውስጥ ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራ የሚጋግር ሰው አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ በ220 ስታካፍይው 16 አምፒር ነው። በዛው መስመር ላይ እንግዳው ለቁርስ የውሃ ማፍያውን ሲሰካ 2000 ዋት፣ ሌላ 9 አምፒር። ብሬከሩ 20 ከሆነ ትንሽ ይታገሳል፣ ከዛ ይወድቃል። እንግዳው ሄዶ ያነሳዋል፣ መጣ ይልሻል። የጓሮው ማድ ቤት ሶኬት ከየት መስመር እንደተወሰደ አሳዪ።

ባለቤቷ ከሩቅ፦

ወይ ጉድ። እንግዳዋ ጋ ደወልኩ፣ «አዎ በሳምንት ሁለቴ ይወድቃል፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቀና አደርገዋለሁ፣ እኔማ አገሩ እንዲህ መስሎኝ» አለችኝ። ከዛ ለጥበቃው ደወልኩ። ብዙ ዝም አለ። ሚስቱ ናት የምትጋግረው፣ የጓሮው ሶኬት ከዋናው ቤት ማድ ቤት የተሳበ ነው። ያኔ ቤቱ ባዶ ሳለ እየጋገረች ምጣዱ ጠፋባት፣ ብሬከሩ ደግሞ ኮሪደር ውስጥ ነው፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እህቴ ጋ። ብናገር ምጣዱን ይከለክሉናል ብሎ ፈርቶ የሊጡን ባልዲ ጎረቤት ወስደው ጋገሩ። እኔ ስደውል ስለ አምፖሉ መለሰልኝ።

በጣም ተናድጄ ነበር፣ ግን እኮ እኔም ስለ ምጣድ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ብሬከሩን በ32 ላስቀይረው?

ፌዝና ኒውትራል፦

ኧረ እንዳታደርጊው! የሶኬቱ ሽቦ ውፍረቱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ከሆነ ብሬከሩ ሳይወድቅ ግድግዳ ውስጥ ሽቦው ይቃጠላል። ለምጣዱ ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ ከብሬከር ሳጥኑ ይሳብ፣ የራሱ 25 ብሬከር ይኑረው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን መጀመሪያ ከቆጣሪው የሚገባው ዋናው መስመር ይህን ሁሉ ይችል እንደሆነ ሠራተኛው ይለካ። የኮሪደሩ ቁልፍም ኮፒ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ የምታምኚው ሰው ጋ ይቀመጥ።

ባለቤቷ ከሩቅ፦

እሺ፣ ሰው ፈልጋ እህቴ ሰኞ ታስጀምራለች። ስልኩ ግን እዛው ተሰክቶ ይቀራል። ለኔ የሚመጣውን ሜሴጅ ሌሊት ድምፅ እንዳያሰማ አድርጌዋለሁ፣ ለእህቴ የሚሄደው ይበቃል። የጥበቃው ሚስት ደግሞ ትናንት ለእንግዶቹ ትኩስ እንጀራ ልካላቸው ፎቶ ላኩልኝ።