የሦስተኛ ክፍል ልጄ «ተለዋጭ ፈተና» ይውሰድ ብለው ወረቀት ሰጡኝ፤ ልፈርም?

የናኦል እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል። የግል የትምህርት ዕቅዱን፣ አይኢፒ የሚሉትን፣ ለማደስ ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ጠሩኝ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረ ታላቅ እህቱን ይዤ ሄድኩ። ገና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ እሷው ተረጎመችልኝ። ሁሉም ፈገግ ይላሉ፣ ሁሉም ይጣደፋሉ። በመጨረሻ ልጁ የስቴቱን መደበኛ ፈተና ትቶ ተለዋጭ ፈተና ቢወስድ ይቀለዋል ብለው የስምምነት ወረቀት አወጡ። አስቤበት እመልሳለሁ ብዬ ይዤው መጣሁ። ናኦል ቃላት ያነባል፣ የአውቶቡሶቹን ቁጥርና መስመር በሙሉ በቃሉ ይዟል፤ ሲናገር ግን ከሁለትና ከሦስት ቃል አያልፍም። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ልፈርም ወይስ ልተወው?

ታዛቢው፦
እህቴ፣ እንዳትፈርሚ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተሽ ዝም በይ። ያለ ወላጅ ፊርማ ምንም ማድረግ አይችሉም።

ረዳት መምህርቷ፦
ታዛቢው ወንድሜ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል፤ ግማሹ ግን ሰው ይጎዳል። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እዚህ አይሠራም። በሜሪላንድ ሕግ ለተለዋጭ ፈተና የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ወላጅ ከስብሰባው በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ፈቃዱንም እምቢታውንም ካላሳወቀ ትምህርት ቤቱ ያቀረበውን ሐሳብ ሥራ ላይ ማዋል ይችላል። መሳቢያው እሺ አለላቸው ማለት ነው!

የናኦል እናት፣ እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት በልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳት መምህርት ነኝ፤ የኦቲዝም ልጅም አሳድጌአለሁ። ስለዚህ ጠረጴዛውን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። «ይቀለዋል» ያሉሽ ውሸት አይደለም፤ ግን ነገሩ የአንድ ቀን ፈተና አይደለም። ከፈተናው ጋር ትምህርቱም ይለወጣል። በዚያ መንገድ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ተማሪ የሚቀበለው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሳይሆን መርሐ ግብሩን ማጠናቀቁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ዲፕሎማን አይተካም። የስምንት ዓመት ልጅ እናት ስለ ምረቃ የምታስብበት ጊዜ አይደለም፤ ውሳኔው ግን የሚጀምረው የስቴቱ ፈተና በሚጀምርበት በሦስተኛ ክፍል ነው።

ተለዋጭ ፈተና የተዘጋጀው እጅግ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ነው። የፌዴራሉ ሕግም በየትምህርቱ ዓይነት ይህን ፈተና የሚወስዱት በስቴቱ ከሚፈተኑት ተማሪዎች ከ1 በመቶ እንዳይበልጡ ገደብ አስቀምጧል። ኦቲዝም መኖሩ ወይም አለመናገሩ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በእኔ ክፍል መንገዱ በትክክል የሚገባቸው ልጆች አሉ፤ እጃቸውን መታጠብ፣ ዕቃ መምረጥ፣ «አልፈልግም» ማለት እየተማሩ ሲያብቡ አይቻለሁ፤ ለእነሱ መደበኛው ፈተና ቅጣት ነበር። የአንቺን ልጅ አላየሁትም። ቃላት የሚያነብ፣ የአውቶቡስ መስመር በቃሉ የያዘ ልጅ ነው ስትዪኝ ግን ከየት ተነስተው እዚህ እንደደረሱ መጠየቅ አለብሽ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አጭር ኢሜይል ጻፊ። በአሁኑ ጊዜ ፈቃድሽን እንደማትሰጪ በግልጽ ይሁን፤ «እያሰብኩበት ነው» የሚል ቃል አይግባበት። ስብሰባው በአስተርጓሚ እንዲደገም ጠይቂ። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ ለአንቺም በነፃ። ትንሽ ልጅ ስለ ወንድሟ እጣ ፈንታ በትልልቅ ሰዎች መካከል እንድትተረጉም ማድረግ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ልጅቷንም መበደል ነው። የዕቅዱን የአማርኛ ትርጉምም በጽሑፍ ጠይቂ።

ሰነዱ ሲመጣ ግቦቹ ያሉበትን ገጽ ፈልጊ። «ንባቡን ያሻሽላል» የሚል ከሆነ ግብ አይደለም፣ ምኞት ነው። አሁን በደቂቃ ስንት ቃል ያነባል? በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንዲደርስ ይጠበቃል? ማን ይለካዋል? የንግግር ሕክምናውም በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ለብቻው ይሁን በቡድን፣ በቁጥር መጻፍ አለበት።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እኔ ማዶ ቨርጂኒያ ስለሆንኩ የ15 ቀኑን ጉዳይ አላውቀውም። የፌዴራሉ ሕግ ግን ሁላችንንም ይመለከታል። ልጅሽ ሲመዘን በምን ቋንቋ ነበር? ምዘናው የልጁን ችሎታ በትክክል በሚያሳይ ቋንቋና መንገድ መሰጠት አለበት፣ በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር። የእኛን ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ፈትነው ውጤቱ መሬት ነካ፤ ተከራክረን ንግግር በማይጠይቅ ምዘና ሲደገም ሌላ ልጅ ነው የወጣው። በእነሱ ምዘና ካልተስማማሽ በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ምዘና መጠየቅ ትችያለሽ፤ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ምዘናቸው ትክክል መሆኑን በችሎት ለማስረዳት ይገደዳሉ።

አማርኛ ያምታታዋልና ተዉ የሚላችሁ ሰውም ይኖራል፤ አትስሙት። ሁለት ቋንቋ የኦቲዝም ልጅን ንግግር አያዘገይም። አያቱን በስልክ «እማማ» የሚልበትን አፍ ለምን እንዘጋዋለን?

የናኦል እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 15 ቀኑን ማንም አልነገረኝም፤ ወረቀቱን አገላብጬ ሳየው ለካስ ከታች በደቃቅ ፊደል አለ። የምዘናው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ብቻ መደረጉን ይናገራል። እንግሊዝኛዬ ግን ለእንዲህ ያለ ደብዳቤ አይሆንም። ደግሞ እምቢ ብል በልጄ ላይ ቂም አይዙም?

ረዳት መምህርቷ፦
በአማርኛ ጻፊው፤ ማስተርጎሙ የእነሱ ሥራ ነው። ቂሙን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ መምህራን የሚጠይቅ ወላጅ ሲያዩ ዕቅዱን ደግመው ነው የሚያነቡት። ባይስማሙ ወደ ሽምግልና ወይም ወደ ችሎት የሚሄዱበት ሥርዓት አለ፤ እስከዚያው ልጁ በነበረበት ይቀጥላል። ስለ ልጁ የሚያውቅ ሰው ይዞ መግባትም መብትሽ ነው፣ የንግግር ሐኪሙም ይሁን አክስቱ። ረቂቁን የልጁን ስም አጥፍተሽ እዚህ ለጥፊው፤ ከመላክሽ በፊት አብረን እናየዋለን። ቀኑን መቁጠር የምትጀምሪው ከስብሰባው ዕለት መሆኑን ብቻ አትርሺ።