ጆኒ ካሽ ሬዲዮ ጣቢያዎቹን መዝለፉ ልክ ነበር?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ለአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ወዳጆች ነው። ዘፋኙን ጆኒ ካሽን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ«ሪንግ ኦፍ ፋየር» እና በፎልሰም እስር ቤት ኮንሰርቱ ነው። በ1964 ደግሞ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፒተር ላፋርጅ የደረሰውን «ዘ ባላድ ኦፍ አይራ ሄይስ» ዘፈነ። አይራ ሄይስ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአሪዞና ፒማ ሕዝብ ልጅ ነው። በ1945 በጃፓኗ ደሴት ኢዎ ጂማ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ሲተከል በተነሳው ታዋቂ ፎቶ ላይ ካሉት ስድስት ወታደሮች አንዱ ነበር። ጀግና ተብሎ አገር ለአገር አዞሩት። ከዚያ መጠጥ ጣለው፣ በ1955 በ32 ዓመቱ ሞተ። ብዙ ጣቢያዎች ዘፈኑን አናጫውትም አሉ። ካሽም ነሐሴ ላይ በሙዚቃ መጽሔቱ ቢልቦርድ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ከፍሎ «ወኔያችሁ የት ገባ?» አላቸው። ልክ ነበር ወይስ አበዛው?

ጊታሪስቱ፦ አበዛው። ጣቢያ የራሱን ምርጫ የማጫወት መብት አለው። አላጫወትክልኝም ተብሎ ሰው ፈሪ አይባልም። ደግሞ ዘፈኑ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ያኔ ሬዲዮ የለመደው ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ነው።

የናሽቪሉ፦ ወንድሜ፣ ርዝመቱ ሰበብ ነው። የማርቲ ሮቢንስ «ኤል ፓሶ» ከአራት ደቂቃ ተኩል ያልፋል። በካንትሪም በፖፕም አንደኛ ወጥቷል። ያውም ከ«አይራ ሄይስ» አምስት ዓመት ቀድሞ የወጣ ዘፈን ነው። እሱ የፍቅርና የሽጉጥ ታሪክ ስለሆነ ማንንም አልቆረቆረም። አይራ ሄይስ ግን «መሬታችንን በጀግንነት ለጠበቀልን ሰው ምን አደረግንለት?» ብሎ ይጠይቃል። ጊዜውንም እዩት። በዚያው ክረምት ኒውዮርክ ውስጥ ሃርለምና ሮቸስተር በጥቁሮች ዓመፅ እየታመሱ ነበር። ካሽ ማስታወቂያው ላይ ሁለቱንም በስም ጠርቷቸዋል።

የሸገር ልጅ፦ ኧረ ቆይ! «ታፈነ» የምትሉት ነገር አይጋነንም? ዘፈኑ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 3ኛ ደርሷል። የታፈነ ዘፈን 3ኛ ይወጣል እንዴ? ለእኔ ማስታወቂያው ጥሩ ገበያ ነበር፣ በቃ።

የናሽቪሉ፦ በካሽ ስም ነዋ የወጣው! ስም የሌለው ልጅ ቢሆን ዲስኩ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚቀረው። «ገበያ» ያልከው ደግሞ አያስኬድም። ማስታወቂያውን የሚያነቡት ዲስክ የሚያጫውቱለት ሰዎች ናቸው። እንጀራህን የሚሰጥህን ሰው ሰድበህ ምን ትሸጣለህ? አንድ የመጽሔት አዘጋጅ እንዲያውም ከካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ራስህን አግልል ብሎታል።

መምህር፦ ልጆች፣ ስለ ሬዲዮ ትከራከራላችሁ እንጂ ዘፈኑን በደንብ የሰማው ያለ አይመስልም። እስቲ ስሙት። ካሽ ስንኞቹን ከመዝፈን ይልቅ እንደ ወሬ ነው የሚነግራችሁ፤ አዝማቹ ላይ ብቻ ነው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው። ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነቱ አይደለም፣ ከውኃ ነው። ፒማዎች ከጊላ ወንዝ ቦይ እየጠለፉ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሰፋሪዎች ወንዙን ከላይ ጠለፉትና ማሳው ደረቀ፣ ሕዝቡ ተራበ። አይራ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ዘፈኑ የት ይገድለዋል? ሰው በሌለበት ቦይ፣ ጣት በማታህል ውኃ ውስጥ። ውኃ የተነጠቀ ሕዝብ ልጅ በቦይ ውኃ ሲሞት! ላፋርጅ ይህን አንድም ቦታ አያብራራም። አስቀምጦላችሁ ይሄዳል። አዝማቹ ደግሞ ሰዎች የሰጡትን «ሰካራሙ» የሚለውን ስም ደጋግሞ ይጠራል፤ በጠሩት ቁጥር የሚያፍረው እሱ ሳይሆን ሰሚው ነው። ከካሽ ዘፈኖች ሁሉ ይህን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ጊታሪስቱ፦ መምህር፣ ግጥሙ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን እርስዎ የወደዱት ነገር ራሱ እውነት አይደለም። አይራ ከአንድ ባዶ የጭቃ ቤት አጠገብ ነው ወድቆ የተገኘው። የሞተው በብርድና በመጠጥ ነው ተብሎ ነው የተዘጋው። ካሽም በዚያን ጊዜ የቸሮኪ፣ የሌላው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ ደም አለብኝ ይል ነበር፣ ኋላ ላይ እንደሌለበት ራሱ ተናግሯል። እውነቱን እንደፈለጉ እያሳመሩ ሌላውን ፈሪ ማለት ትንሽ አይከብድም?

መምህር፦ የቸሮኪውን ነገር ተቀብያለሁ፣ ያስነቅፈዋል። ቦዩ ግን የዘፈን ደራሲ ሥራ ነው። የመርማሪ ሪፖርት የፈለገ ዘፈን አይሰማም። ዋናው ክስ «ውኃቸው ተወሰደ፣ ልጃቸው ዘምቶ ሲመለስ ድሃ ነው» የሚለው ነው። ይህ ውሸት ነው የሚል ካለ ይምጣ። ጣቢያዎቹም አናጫውትም ያሉት ስለ ቦዩ አጣርተው አይደለም።

የሸገር ልጅ፦ እኔ እንኳ ክርክሩን ልተወው ነው። ግን ይኸው ዘፈን ባለበት «ቢተር ቲርስ» አልበም ላይ ማንም የማያነሳው «ዘ ቶኪንግ ሊቭስ» አለ። ካሽ ራሱ የደረሰው ነው፤ ስለ ሴኮያ፣ ለቸሮኪ ቋንቋ ፊደል ስለፈጠረው ሰው። ሴኮያ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ነጮቹ ወረቀት ሲያነቡ አይቶ ነው እኛስ ብሎ የተነሳው። በ1821 ገደማ ጨረሰው። 85 ያህል ምልክት አለው፣ እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል። ልዩነቱ እኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ ስንል ቅርጹ ይወራረሳል፣ የሱ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። በ1828 ጋዜጣ ታተመበት። ፊደል ቆጥሮ ያደገ አበሻ ይህን ዘፈን አለማወቁ ይገርመኛል።

ጊታሪስቱ፦ አሁን ሰማሁት። እሱን አጫውቱ ካላችሁኝ ዛሬውኑ አጫውታለሁ። ማንንም አይነካም።

የናሽቪሉ፦ ለዚህ ነዋ ማንም የማያውቀው።