እሁድ ቤቴን ዘግቼ ብውል ጥፋቴ ምንድን ነው? የባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች ክርክር

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ የተነሣው ነገር ሳያልቅ ተበታተንን፤ እዚሁ እንጨርሰው። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው እህታችን አራት እሁድ በተከታታይ ቡና አልመጣችም። አንዳንዶቻችን ተቀየምን። እሷ ደግሞ «ቤቴ ሆኜ የምወደውን እየሠራሁ ነው» አለች። ጥያቄው የሁላችንም ነው። ብቻውን የሚኖር አዋቂ ሰው የእረፍት ቀኑን ቤቱን ዘግቶ ቢያሳልፍ ጎረቤት ሊወቅሰው ይገባል ወይ? ስድብ እንዳይኖር አደራ።

የሦስተኛ ፎቋ፦ እሺ፣ ከእኔ ይጀመር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሥራዬ ከሰው ጋር ነው። ስልክ፣ ወረፋ፣ ጥያቄ፣ ቁጣ። እሁድ ስትመጣ ጆሮዬ ዝምታ ይናፍቃል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመለሳለሁ። ከዚያ የእናቴን ኪሮሽ አነሣለሁ። የጠረጴዛ ዳንቴል እየሠራሁ ነው፤ አራት ወር ሆነኝ። አንድ ዐይን ከተሳሳትኩ ሁለት ረድፍ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ያ መፍታቱ ራሱ ደስ ይለኛል። ከሰዓት ክራር አለ። ከቅኝቶቹ ትዝታን ብቻ ነው የማውቀው፣ ባቲን ገና እየሞከርኩ ነው። ስድስቱን ክር ለመቃኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ልብስ አጥባለሁ ብዬ ብቀር ማንም አይቀየመኝም ነበር። አሞኛል ብል ሾርባ ይዛችሁ ትመጡ ነበር። ክራር እለማመዳለሁ ስል ግን «ሰው ጠላሽ እንዴ?» ተባልኩ። አዋቂ ሰው የሚወደውን ለመሥራት ሰበብ ማቅረብ አለበት?

እትዬ፣ የቡናው ባለቤት፦ «ሰው ጠላሽ እንዴ» ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ክፉ አስቤ እንዳይመስልሽ። ድሮ የነበርንበት ሰፈር ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ወባ ይዟት ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ተጥላ ማንም አላወቀም። እኔ ያወቅኩት ከቡናው ስለቀረች ነው። ሄጄ በሯን ባንኳኳ የሚከፍት የለም። በመስኮት ገብተን ነው ያወጣናት። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ስኒ ሳይነሣ ሲቀር ልቤ አይረጋም። ቡና ማለት ለእኔ አቦል ቶና መጠጣት ብቻ አይደለም። ማን አለ፣ ማን የለም የሚታወቅበት ነው።

አራተኛ ፎቅ፣ የልጆች አባት፦ እትዬ ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ ልጨምር። ዛሬ ቡና ቀረ፣ ነገ እድር ይቀራል፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። የከተማ ሰው በሩን እየዘጋ ሲሄድ ማን ማንን ይቀብራል?

የሦስተኛ ፎቋ፦ እድር ላይ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ለቅሶም አልቀርም። የጠየቅኩት እሁድ ከሰዓትን ብቻ ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ አንደኛ ፎቅ፦ እኔ የማየው ከሁለታችሁም ትንሽ ይለያል። የምንኖረው ጣና ዳር ነው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ደሴቶቹ ሁሉ ለብቻ መሆን ዋጋ የሰጡ ሰዎች ቦታ ናቸው። «እኛ መነኩሴ አይደለንም» ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው። እንግዲያው ወደ ቅኔው ልምጣ። በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ በዋሸራም በጎንጅም፣ ተማሪው ቅኔ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚያዘጋጀው፣ ብቻውን ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን ቀኑን ሙሉ ትወስዳለች። ሲጨርስ ወደ መምህሩ ይመለሳል። ቅኔውን እፊታቸው ይዘርፋል፣ ይታረማል። ለብቻ የተሠራው ነገር መጨረሻው ሰው ፊት ነው። ማንም ያን ተማሪ ሰው ጠላ አላለውም።

በገናም እንዲሁ ነው። እኔ በዐቢይ ጾም እደረድራለሁ። አሥር አውታር አለው። እንዝራው፣ ከአውታሩ ሥር የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ አውታሩን ሲነካው ያ የሚያርገበግብ ድምፅ ይወጣል። ለጭፈራ አይሆንም፣ ለብዙ ሰው ጫጫታም አይሆንም። አንድ ሰው ተቀምጦ ከራሱና ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ ነው። አያቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር የሠሩት ብቻ መሆንም ጊዜ እንዳለው ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ነርስ፣ ሁለተኛ ፎቅ፦ ከሌሊት ተረኛ ተመልሼ ነው የምጽፈው፣ ካጠፋሁ ይቅርታ። ሁለት ነገር እየተቀላቀለብን ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «ብቸኝነት» እንላቸዋለን። አንዱ ሰው እየፈለጉ ማጣት ነው። ይሄኛው ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ እንዲህ ያለ ብቸኝነት እንደሚሰማው ገልጿል። ሰው መሀል ተቀምጦም ይሰማል፣ ቡና ላይም ይሰማል። ሌላው ፈልጎ ለራስ ጊዜ መስጠት ነው። ይሄ እረፍት ነው።

እንዴት ይለያል ካላችሁ፣ እኔ የማየው እጁን ነው። ዳንቴል የምትሠራ፣ ክራር የምትቃኝ ሴት አታሰጋኝም። የሚያሰጋኝ ክራሩን ሰቅሎ የተወው ነው። የሚወደው ነገር የማይጥመው፣ ምግብ የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ወይም መጠጡን ብቻውን የጀመረ። እንዲህ ያለውን ሰው ቡና መጥራት አይበቃም፣ ሐኪም ጋ አብሮ መሄድ ያስፈልጋል። ስልክ ላይ አፍጥጦ መዋልንም ከዳንቴሉ ጋር አንድ አታድርጉብኝ። እኔ ራሴ አምስት ሰዓት ስልክ ላይ ቆይቼ ደክሞኝ እነሣለሁ። አንድ ሰዓት ስፌት ይዤ ስነሣ ግን ቀለል ይለኛል።

የባጃጅ ሾፌር፣ መሬት ቤት፦ እኔ በአንድ ክፍል አራት ሆነን ነው የምንኖረው። ቤት ዘግቶ ብቻ መዋል ለእኛ አይገኝም። ማታ ባጃጇን ሳቆም ሐይቁ ዳር አሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ ማንም አያናግረኝም። የእኔ እረፍት እሷው ናት። እህቴ ግን ቤት ካላት ትደሰትበት።

ወጣቱ፣ አራተኛ ፎቅ፦ አባቴ ከላይ ጽፏል፣ እኔ በሌላኛው ወገን ነኝ፣ ይቅር በለኝ አባ። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ታስታውሳላችሁ? በጊዜ ቤት እንገባ ነበር። መጀመሪያ ግድግዳ ሳይ ነበር የምውለው። በኋላ ከመስኮቴ ፊት ያለውን ዘንባባ ማየት ጀመርኩ። ቢጫዎቹ ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል። ሣሩን በአፋቸው እየሰነጠቁ፣ እያሾለኩ፣ እየቋጠሩ፤ ልክ እንደ ስፌት። ሠሪው ወንዱ ነው። ሴቷ መጥታ ታየዋለች፣ ካልወደደችው ሌላ ይጀምራል። እኔ በእርሳስ እሥላቸው ነበር። አሁን ሦስት ደብተር ሞልቷል። እስከዛሬ ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

አራተኛ ፎቅ፣ የልጆች አባት፦ ሦስት ደብተር? ለምን አልነገርከኝም ልጄ?

ወጣቱ፣ አራተኛ ፎቅ፦ «ሥራ ፈትተህ ወፍ ትቆጥራለህ» ትለኛለህ ብዬ ነው።

አራተኛ ፎቅ፣ የልጆች አባት፦ እል ነበር፣ እውነትህን ነው። ዛሬ ማታ አሳየኝ።

ጡረተኛ መምህር፣ አንደኛ ፎቅ፦ ሥራ መፍታት ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚል ሕዝብ ነን። እናቶቻችን እንዝርት ይዘው ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ ሥራ ፈት አይባሉም ነበር። ጥጡ ጋቢ ስለሚሆን። ዛሬ ጋቢው ይገዛል፣ እጃችን ግን ያው እጅ ነው። ምንም ባይሸጥም፣ ማንም ባይለብሰውም ሥራ ይፈልጋል። እኔ ጡረታ በወጣሁ ዓመት ያመመኝ ደመወዙ መቀነሱ አልነበረም። እጄ ጠመኔ ለምዶ ባዶ መቅረቱ ነበር። ሰገነቴ ላይ በሶብላና ኮሰረት ተከልኩ። ጠዋት ጠዋት ውኃ ሳጠጣ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ያን ግማሽ ሰዓት ለማንም አልሰጥም።

እትዬ፣ የቡናው ባለቤት፦ ሁሉንም አነበብኩ። የነርሷን ነገር ተቀብያለሁ። እኔ የቀረውን ሰው ሁሉ አንድ አድርጌ ነበር የማየው። ግን ልጄ፣ አንቺም የእኔን ፍርሃት ተቀበይልኝ። በርሽ ተዘግቶ ሲውል ክራር እየመታሽ ይሁን ታመሽ እኔ በምን ልወቅ? ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ስስ ነው ይላሉ፣ የአንቺን ክራር ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።

የሦስተኛ ፎቋ፦ መስኮቱን ዘግቼ ነዋ የምለማመደው፣ እትዬ። እስክችል ድረስ ብዬ።

እትዬ፣ የቡናው ባለቤት፦ ክፈችው። ብትሳሳቺም ክፈችው። ድምፁን ከሰማሁ ደህና ነሽ ማለት ነው፣ አላንኳኳም።

የሦስተኛ ፎቋ፦ እሺ እትዬ። ከዚህ እሁድ ጀምሮ መስኮቱ ክፍት ነው። ደግሞ ሰገነቴ ላይ ጤና አዳም ተክዬ አድጎልኛል፣ ለእኔ በዝቷል። ጠዋት ቆርጬ በራፍዎ ላይ አኖርልዎታለሁ፣ ለቡናው ይሆናል። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ራሴ እመጣለሁ። ኪሮሹን ይዤ ብመጣ ግን አይቀየሙኝ፤ የቀረኝ ጠርዙ ብቻ ነው።

እትዬ፣ የቡናው ባለቤት፦ ያዢው። እኔም የጀመርኩት መሶብ አለ፣ ክዳኑ ሳያልቅ ዓመት ሆነው። አክርማ ነው ያጣሁ። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ካለ ቀይ የተነከረ ይግዛልኝ፣ ብሩን እሰጣለሁ።